ኢድሪስ ትቶት የሄደው ፋኖስ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለኢድሪስ፤ ከቆምህበት ወደብ ይድረስህ።

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትህ ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህን ያምህ የነበረው ተወህ ወይስ የባሕሩ ውሃ አባሰብህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እማዬ ሞተር እያጉረመረመ ሰው እንዴት ይተኛል ትላለች። መርከቡ ትልቅ ሕንፃ ያክላል ብለህ በስልክ ከነገርሃት ጀምሮ ደግሞ ሕንፃ እንዴት ውሃ ላይ ይቆማል እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታስጨንቃለች። እኛ በአላህ ፈቃድ ሁላችንም ደኅና ነን። ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ይህን የምጽፍልህ ከሐይቁ ዳር፣ አንተ ትቀመጥበት ከነበረው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሆኜ ነው። ገና ጠዋት ነው። ጉሙ አልተነሣም፤ ውሃውና ሰማዩ አንድ ሆነው አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። አንዲት ታንኳ በመካከሉ ትሄዳለች፤ ቀዛፊው ይታየኛል፣ ውሃው ግን አይታየኝም፤ ሰውየው አየር ላይ ተቀምጦ የሚቀዝፍ ይመስላል። እንዲህ ያለ ጠዋት ሲሆን አንተም እዚያ ጉም ውስጥ ያለህ፣ ትንሽ ጮክ ብዬ ብጠራህ የምትሰማኝ ይመስለኛል። ሞኝነት መሆኑን ዐውቃለሁ። አንዳንዴ ግን ጠርቼህም ዐውቃለሁ፤ ታናሻችን አንዋር ሰምቶኝ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በመቀመጤ አትገረም። መርከባችሁ ወደብ ሲደርስ መልእክት ስለሚገባልህ ነገሩን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን በእጅሽ ጻፊለት ተብዬ ነው። ማን እንዳለኝ አሁን ብነግርህ አታምነኝምና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

እኛ መሥሪያ ቤት ሳለህ ሐይቁ ዳር የተከልኸው ምሰሶ አሁንም እንደቆመ ነው። ጫፉ ላይ ነፋስ መለኪያው፣ ከሥሩ መብራቱ፣ ወገቡ ላይ ሣጥኑ፣ ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ያቺ ሊኑክስ በሚሉት ሥርዓት የምትሠራው ትንሽ ኮምፒውተርህ። ነፋስ ሲበረታ መብራቱ ቀይ ይሆናል፤ ውሃ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ አይቶ ወደ ዳር ይመለሳል። አንተ ስትሄድ ሥራው ወደ እኔ ተላለፈ፤ ያስተማርኸኝ አንተ ስለሆንህ ብዙም አልከበደኝም። የመንደሩ ሰው እስከ ዛሬ «የኢድሪስ ፋኖስ» እያለ ነው የሚጠራው። አባባ ብቻ ናቸው ስም የማይሰጡት።

የአባባን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ያለ እሳቸው ይህ ወሬ ወሬ አይሆንም። ከሄድህ ጀምሮ ስምህን ባፋቸው አንሥተው አያውቁም። አልረገሙህም፣ አላሙህም፤ ዝም ነው ያሉት። ከቤታችን ሰው ውሃ ላይ ሊወጣ ሲል ከሐይቁ በእፍኛቸው ይቀዱና የታንኳዋ አፍንጫ ላይ አፍስሰው «የወሰደህ ውሃ ይመልስህ» ይላሉ። ከአያታችን የወረሱት ነው፤ ያለዚያ ከእኛ ቤት ማንም ከዳር አይነሣም። አንተ መርከብ ልትሳፈር በተነሣህ ለት ግን ዳርቻው የማይታይ ውሃ ላይ የሚወጣን ልጅ አልሸኝም ብለው ለታንኳ መሥሪያ ደንገል ሊያጭዱ ሄዱ። አንተም እንባህን እየዋጥህ አውቶቡስ ተሳፈርህ። እማዬ አሁንም ያንን ለት ስታስብ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች።

በፋኖሱም ላይ እንደዚያው ናቸው። ቀና ብለው አያዩትም። ቀይ በበራ ቁጥር ግን የአባባ ታንኳ ከሁሉ ቀድማ ዳር ትደርሳለች። ለምን ቶሎ ተመለሱ ሲባሉ ወገቤን አመመኝ ይላሉ። እማዬ እኔ ያገባሁት ወገብ ነፋስ ሲነሣ ብቻ የሚያምም ነው እያለች ታሾፍባቸዋለች፤ እሳቸውም እንዳልሰማ ሰው ወደ ደንገላቸው ይዞራሉ።

ባለፈው ወር ክረምቱ ዳር ዳር ሲል ከባድ መብረቅ ወረደ። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የኔትወርክ ሞደም አቃጠለው። ኮምፒውተሯ ተርፋለች፣ ግን ጠፍታ ተነሣች። አንተ እንደምታውቀው ደግሞ ጠፍታ በተነሣች ቁጥር ፋኖሱ በራሱ አይጀምርም፤ ሰው ገብቶ አንዲት ትዕዛዝ መጻፍ አለበት። ትዕዛዟም «ፋኖስ» ናት፣ በራሳችን ፊደል። ሌላ ባለሙያ ቢሆን በእንግሊዝኛ ይሰይማት ነበር። አንተ ግን አባባም ሆኑ ዓሣ አጥማጆቹ ሊያነቡት በሚችሉት ፊደል ካልሆነ ብለህ ከሰው ሁሉ ተከራከርህ፤ አባባ አንድ ቀን በጣታቸው ሲጽፏት ለማየት ተመኝተህ እንደነበረ እኔ ዐውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ በኔትወርክ እየገባሁ «ፋኖስ» እለው ነበር፤ ወዲያው ይነሣል። ሞደሙ ሲቃጠል ግን የቀረችን በር አንዲት ሆነች፤ ላፕቶፕ ይዞ ምሰሶው ሥር መሄድ፣ በሽቦ አገናኝቶ ሲሪያል ኮንሶል በሚሉት በቀጥታ መግቢያው መግባት።

ሄድሁ። ሣጥኑን ከፍቼ ሽቦውን ሰካሁ፣ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍሁ፣ ያለ ችግር አስገባኝ። ያለውን ፋይል ዘርዝር አልሁት፣ ዘረዘረ። የነፋስ መለኪያው ይሠራል ወይ አልሁት፣ ይሠራል አለኝ። ደስ ብሎኝ «ፋኖስ» ብዬ ጻፍሁ። «a» የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም አለኝ። ቀጥሎም «a» አላውቅም፣ ከዚያ ደግሞ «5» አላውቅም። እኔ a አልጻፍሁ፣ 5 አልጻፍሁ። ደግሜ ጻፍሁ፤ መልሱ ያው ሆነ።

ያስተማርኸኝን ሁሉ ሞከርሁ። ትዕዛዟ ያለችበትን መንገድ አያውቀው ይሆናል ብዬ ወደ ፎልደሯ ራሷ ገባሁ። የስክሪኑን ዓይነት ለወጥሁ፣ ስፋቱን ለካሁ፣ አጥፍቼ አስነሣሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አለቃችን ግሩም ራሱ መጥቶ አየና መብረቁ የኮምፒውተሯን ማኅደር ጎድቶታል፤ ፋይሉ ተበላሽቷል አለ። ግሩምን ታውቀዋለህ፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ የማይሠራ ነገር ዐይኑ ሥር ሲቆም ግን አይወድም። ቅዳሜ ሠራተኛ ልኬ ምሰሶውን አስነቅላለሁ፣ ዕቃው ግምጃ ቤት ይግባ አለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው ብዬ አዘንሁ። የገዛ ወንድሜ የጻፈው፣ በገዛ ፊደሌ የተሰየመ ትዕዛዝ እፊቴ ተቀምጦ ላገኘው አልቻልሁም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያሳዘነኝ የሥራው ነገር ብቻ አልነበረም። ያ ምሰሶ ከተነቀለ በዚህ ዳር ካንተ የሚቀር ነገር የለም። ደግሞም ፋኖሱ ከጠፋ ጀምሮ አባባን ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም። ነፋስ ተነሥቶ ሁሉ እየተሯሯጠ ሲወጣ እሳቸው እየቆዩ ነው የሚመጡት። በዚያው ሰሞን የዓሣ አጥማጁ የአካሉ ታንኳ ተገለበጠች። አንተ ስትሄድ ያልነበረችው፣ ያቺ አዲሷ። አካሉ በደንገሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንሳፈፍ አባባ ናቸው ደርሰው የጎተቱት። ማታ ውሃው ተጨምቆ ያለቀውን ልብሳቸውን ደጋግመው ሲጨምቁት እኔም አየሁ፣ እማዬም አየች።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብዬ ብቻዬን ሄድሁ። ሐይቁ የተኛ ይመስል ነበር። ነጫጮቹ ወፎች ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ያንጎላጃሉ፤ ሙቀቱ ለእኔም እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። አባባ ከዐስር ሶላት በኋላ መረባቸውን ለማንሣት ወጥተው ነበርና ታንኳቸው ሩቅ ላይ ትንሽ ጭረት ሆና ትታየኝ ነበር። የምሞክረው ሲያልቅብኝ ጨዋታ ጀመርሁ። የራሴን ስም ጻፍሁለት። ሪሃና ስለው ስክሪኑ ፈዝዞ ጸጥ አለ፤ ምንም ብነካካ አይመልስልኝም፤ ማስቀጠያውን ቁልፍ ተጭኜ ነው የቀሰቀስሁት። ከዚያ ያንተን ስም ጻፍሁ። ኢድሪስ ስለው «a» አላውቅም አለና ወደ አዲስ መስመር ወርዶ ያቺን ወደ ቀኝ የምታይ ትንሽ ቀስት አወጣ። ትርጉሟን ታውቃለህ። ንግግርሽ ገና አላለቀም፣ ቀሪውን እየጠበቅሁ ነው ማለት ናት።

ያቺን ቀስት፣ ወንድሜ፣ በጣቴ ነካኋት። ስምህን የጠራንበት ነገር ሁሉ እንደዚያ ሳያልቅ የቀረ መሰለኝ። እንባዬ ሲመጣ ደግሞ ከራሴ ጋር ተጣላሁና የመጣልኝን ሁሉ መጻፍ ጀመርሁ፤ የእማዬን ስም ዘይቱና፣ ከዚያ አንዋር፣ ጣና፣ የዓሣውን ስም ቆሮሶ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየኝ። ምንም ብጽፍ የሚያነበው መጀመሪያ a ነው። ቃሉ ሁሉ ተለያይቶ የሁሉም መጀመሪያ አንድ ከሆነ ጥፋቱ ከቃሉ አይደለም፤ ከሚመጣበት መንገድ ነው።

በአንድ ወቅት ዋርካው ሥር ተቀምጠን ያስረዳኸኝን አስታወስሁ። የእኛ አንዱ ፊደል ለሦስት ተከፍሎ ነው የሚጓዘው፤ እያንዳንዱ ክፋይ ቢት የሚሏቸውን ጥቃቅን ምልክቶች ስምንት ይፈልጋል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን በሰባት ይበቃዋል ብለኸኝ ነበር። ሽቦው ሰባቱን ብቻ እያሳለፈ ስምንተኛውን ቢያስቀር እንግሊዝኛው ምንም ሳይሆን ያልፋል፤ የእኛው ሁሉ ጎድሎ ይደርሳል፤ የሁሉም የመጀመሪያው ክፋይ አንድ ስለሆነ ሁሉም a ይሆናል። ላፕቶፑን ከፍቼ የሽቦውን ማስተካከያ አየሁ። ሰባት ይላል! ያ ላፕቶፕ የቢሮው ነው፣ በየዳሩ ያሉትን አሮጌ ነፋስ መለኪያዎች የምንጎበኝበት፤ እነሱ በሰባት ነው የሚናገሩት። ማንም ሳያስበው እንደዚያው ቀርቷል። ኮምፒውተሯ በር ላይ የቆመው ፕሮግራም ደግሞ እንግዳ አክባሪ ነው፤ የመጣው ሰው በሰባት ሲያናግረው እሱም ያለ አንዳች ተቃውሞ ወደ ሰባት ይወርድለታል። ለዚህ ነው እንግሊዝኛው ሁሉ ደኅና ሆኖ የእኛው ብቻ እምቢ ያለው። ማኅደሩ አልተበላሸም፤ ፋኖስህ እዚያው ውስጥ ደኅና ተኝቷል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ቀና አላልሁም ነበር። ቀና ስል ወፎቹ የሉም። ከደቅ ደሴት በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል፣ ውሃውም መልኩ ተለውጧል፤ ነጭ ነጭ የሚል ሞገድ ወደ እኛ ይመጣል። ሌሎቹ ታንኳዎች እየተጣደፉ ወጥተዋል። የአባባ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ መረቡ ላይ አጎንብሰዋል። ጮህሁ፤ ነፋሱ ድምፄን ወደ ኋላዬ ወሰደው።

ሰባቱን ስምንት አደረግሁት፣ ወጥቼ እንደገና ገባሁ። «ፋኖስ» ብዬ ጻፍሁ። a ማለቱን ተወ፣ ግን አሁንም አልተቀበለኝም፤ ፊደሎቹን አይቷቸው እንደማያውቅ አድርጎ በተናቸው። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ በኔትወርክ ስገባ የቢሮዬ ኮምፒውተር ቋንቋዬን አብሮ ይዞልኝ ይገባ ነበር፤ በሽቦ ስገባ ግን ማንም አልነገረለትም። በአንድ መስመር ነገርሁት፤ ከዚህ በኋላ የማወራህ በአማርኛ ፊደል ነው አልሁት። እንደገና ጻፍሁ። ፋ፣ ኖ፣ ስ፣ ሦስቱም ሳይጎድሉ ስክሪኑ ላይ ቆሙ። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንሁት።

ከራሴ በላይ ቀዩ ቦግ አለ። ድንጋዩም፣ ላፕቶፑም፣ እጄም ቀላ። ውሃው ላይም ቀይ መንገድ ተዘረጋ፤ እየተሰባበረ፣ እየተቀጠለ እስከ ታንኳዋ ሄደ። አባባ ቀና አሉ። ኢድሪስዬ፣ ፊታቸውን ከዚያ ርቀት ማየት አልችልም ነበር፤ ግን ፋኖሱን ሲያዩት አየኋቸው። በግልጽ ቀና ብለው ነው ያዩት፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ መረቡን ጥለው ታንኳዋን አዞሩ። ሞገዱ እያነሣ እያወረዳቸው፣ አንዳንዴ ተሸፍነው እየጠፉብኝ፣ ቀዩን መንገድ ይዘው መጡ። እኔ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ ነው የተቀበልኋቸው።

ደንገሉ ላይ ቁጭ ብለው ተነፈሱ። እኔም ወገብዎን አመመዎት ወይ አልኋቸው። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሻሽተው ወደ መብራቱ አዩና «ወገቤ ደኅና ነው። የኢድሪስ ፋኖስ ጠራኝ» አሉ።

ስምህን አሉ፣ ወንድምዓለም። እንዲሁ፣ ትናንትም ሲሉት እንደኖሩ። ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት አላመነችኝም፤ ሄዳ ደግማ አስባለቻቸው፤ ደግመውም አሉት። ከዚያ ምን እንዳደረገች አልነግርህም፣ ራስህ ታውቃታለህ።

ቅዳሜ የግሩም ሠራተኞች መቆፈሪያ ይዘው መጡ። ፋኖሱ በርቶ ሲያዩት ግራ ገባቸው፤ ግሩምም በስልክ ነገሩን ሰምቶ ከሳቀ በኋላ ተዉት አላቸው። አሁን የሰባቱንና የስምንቱን ነገር በወረቀት ጽፌ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። ትዕዛዟን ወደ እንግሊዝኛ ብንለውጣት አይሻልም ወይ ብለው የቢሮው ልጆች ጠይቀውኝ ነበር። እኔ እያለሁ አይሆንም አልሁ። እንዲያውም ትናንት አባባን ወስጄ ሽቦውን ሰክቼ በጣታቸው አስጻፍኋቸው። «ስ»ን ፈልገው እስኪያገኟት ግንባራቸው ላቡን አፈሰሰው።

የቀረው ወሬያችን ይህን ያህል አይደለም። እማዬ ጉልበቷን ወንዛዬ ሄዳ ፍል ውሃ ተነክራ መጣች፤ አሁን ደኅና ትረግጣለች፤ ግን የተሻለኝ በውሃው ሳይሆን ሦስት ቀን እናንተን ባለማየቴ ነው ትላለች። አንዋር ፈተናውን ደኅና ሠራሁ ይላል፤ ውጤቱ ሲመጣ እናያለን። አካሉ ሌላ ታንኳ አባባን አሠርቷል፤ ደንገሉን አብረን ነው ያጨድነው። አንተስ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው የምትውለው ወይስ ወጣ ብለህ ውሃውን ታየዋለህ? ማታ ማታ መብራት ይታይሃል ወይ? ይህን ጻፊልኝ ያለችኝ እማዬ ናት።

እማዬ ዘይቱና ዐይኖችህን ሳምሁ፣ ብርድ ልብስ ደርብ ትልሃለች። አንዋር የመርከቡን ፎቶ ካልላክህ ጓደኞቼ አላመኑኝም ብሎ ሰላም ይልሃል። አካሉና ቤተሰቡ፣ ግሩምም ሳይቀር ሰላም ብለውሃል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ሹፌሩ ሣህሉ ነው፤ ጅቡቲ ወርዶ ለኩባንያችሁ ቢሮ ይሰጥልኛል።

ለምን በእጅ እንደጻፍሁ አልነገርሁህም። ትናንት ማታ ለኢድሪስ በስልክ ልጽፍለት ነው ስላቸው አባባ እንዲህ አሉኝ፦ «ስልክ ላይ ውሃ አይፈስም። በወረቀት ጻፊለት፣ ስትጨርሺ ስጪኝ።» እስከዚህ ድረስ የጻፍሁባቸውን ወረቀቶች አሁን ወስደዋቸዋል፤ ይህን የምጽፈው በቀረኝ ሌላ ወረቀት ላይ ነው። ጉሙ ተነሥቷል። ሐይቁ ዳር አጎንብሰው፣ በእፍኛቸው ቀድተው፣ ስምህ ከተጻፈበት ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርጉት ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ ታውቀዋለህ። እንግዲህ ስምህ ላይ ቀለሙ ተበትኖ ስታየው በመንገድ የተበላሸ እንዳይመስልህ፤ የጣና ውሃ ነው፣ ያኔ ያልፈሰሰልህ።

እህትህ ሪሃና

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.